አሮጌ ብረት የሰው ሕይወት አይብላ!

እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ ጠረፍ በልምምድ ላይ የነበረ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ብረት ለበስ ሰጥሞ፣ ከተሳፈሩት 16 ሰዎች 9ኙ አለቁ። የዚህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ አገልግሎት የጀመረው በ1972 ነበር፤ ሊተካው የታሰበውም ፕሮጀክት 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፈጀ በኋላ በ2011 ተሰረዘ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በእርጅና ብቻ ማሳበብ ስሕተት ነው እንላለን። በምርመራው እንደተረጋገጠው የጥገና ጉድለት፣ ያልተሟላ ሥልጠናና ውኃው እየሞላ ሳለ የዘገየው የ«ውጡ» ትእዛዝ ተደራርበዋል።

ከሞተር ጋር የሚውል ሠራተኛ ሁሉ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ብረት ሲያረጅ ምልክት ይሰጣል፤ ምልክቱን አይቶ ዝም ማለት ግን የሰው ጥፋት ነው። ስለሆነም መተኪያው በወቅቱ ይቅረብ፤ እስኪቀርብም ድረስ «ይህ መኪና አይነሣም» የማለት ሥልጣን ለጠጋኙ ይሰጥ!