ኩሽኔታ እቤት ይቀየራል? አዎ፣ ግን…

ባለፈው ክረምት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስመለስ የአባቴ ዲኤክስ ማጉረምረም ጀመረች። ፍጥነት ስጨምር ድምፁ ይጨምራል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። መጀመሪያ አስፋልቱ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ቀጥሎ ጎማው ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንሄድ «የቀኝ የፊት ኩሽኔታ ነው» አለኝ። እንዴት አወቅክ? «ወደ ግራ ስትታጠፍ ይብሳል። ያኔ ክብደቱ ቀኙ ላይ ነው የሚያርፈው።»

የአዊ ፈረሰኛ ፈረሱ ሲያነክስ የትኛው እግሩ እንደሆነ ሳይወርድ ያውቃል። እኛ የመኪና ልጆች ግን ሙዚቃውን ከፍ አድርገን ድምፁን እንሸፍነዋለን።

ለማንኛውም ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንዱን ጎማ ነቅነቅ አደረገና «የአራቱም ኩሽኔታ አልቋል፣ ሙሉ ይቀየር» አለ። የጠራው ዋጋ የአንድ ወር ገቢዬን ይበልጣል። እውነቱን ነው? ገምቶ ነው? የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ይዤ እዚያ እንደ ሐውልት ቆምኩ።

የሚገርመው፣ ይህንኑ ነገር ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ሁሉንም ይጠራጠራል፤ ጥሩ ዕቃ የያዘው ሻጭ ተገቢውን ዋጋ ስለማያገኝ ከገበያው ይወጣል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ጋራዥ በር ላይ የሚገጥመንም ይኸው ነው። ካላወቅን ሐቀኛውን መካኒክ ከአጭበርባሪው መለየት አንችልም፤ ስለዚህ ከሐቀኛውም ጋር እንደ ሌባ እንከራከራለን።

አቋሜ ይህ ነው፦ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ኩሽኔታ እቤት መፈተሽና፣ መኪናው ከፈቀደ መቀየር፣ መማር አለበት። ምክንያቱም የእጅ ዋጋ መቆጠብ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥቅም በዚያ ድርድር ላይ ዓይናችን መከፈቱ ነው። ደግሞም የቱ ጋ ማቆም እንዳለብን የምናውቀው ስናውቅ ብቻ ነው።

ፍተሻው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፣ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ይታገዱ፣ ከዚያ በክሪክ ይነሳ። ክሪክ ግን ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። እኛ ከሥር ወፍራም የዲከረንስ ግንድ ደገፍንበት፤ እሱ መቼም እዚህ አይጠፋም። ብሎኬት አታድርጉ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተንቀጫቀጨ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ፍሬን ሲረገጥ መንቀጫቀጩ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ወይም ሌላ መጋጠሚያ ጠርጥሩ። ጎማውን በእጅ ስታዞሩ አሸዋ የሚፈጭ ከመሰለም ያው ነው።

እኛም እንዲህ ፈተሽን። የቀኝ የፊት ጎማ ብቻ ነው የተነቃነቀው። የግራውን ፈተን አጥበን፣ ደህና ስለነበር አዲስ ግራሶ ቀብተን መለስነው። የኋላዎቹ ምንም አልነበራቸውም። ከአራት ወደ አንድ ወረድን ማለት ነው፤ የጋራዡን ሒሳብ ራሳችሁ አስቡት።

የእኛዋ በኋላ ጎማ የምትነዳ አሮጌ ኮሮላ ስለሆነች የፊት ኩሽኔታዎቿ ሾጠጥ ያሉ ሮለር ያላቸው፣ በዳዶ የሚስተካከሉ ናቸው። ይህ ዓይነት እቤት ይሠራል። ፍሬኑ ተነስቶ ይታሰራል (በጎማ ቱቦው እንዳይንጠለጠል)፣ ዳዶውን የምትቆልፈው ኮፒሊያ ትወጣለች፣ ዳዶው ይፈታል፣ የጎማው እምብርት የሆነው ሞዞ ይወጣል። ውስጡ የተጣበቀውን ቀለበትም አብሮ መቀየር ግድ ነው፤ አዲስ ሮለር በተበላ ቀለበት ላይ ዕድሜ የለውም። ግራሶ ላዩን መቀባት አይበቃም፤ መዳፍ ላይ አድርጎ በሮለሮቹ መሐል እስኪያልፍ መግፋት ነው። ውኃ የሚከላከለው የጎማ ሲልም አዲስ ይሁን፤ የእንጅባራ ክረምት ይቅር አይልም።

በመጨረሻ ዳዶውን እንደ ጎማ ቡሎን ግጥም አድርጎ ማሰር የለም። ሞዞውን እያዞሩ አጥብቆ፣ ፈታ አድርጎ፣ እንደገና በጣት ኃይል ያህል ማጥበቅ፣ ከዚያ በአዲስ ኮፒሊያ መቆለፍ። ከጠበቀ ይግላል፣ ከላላ ይወዛወዛል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ሞዞውን ንኩት፤ ሞቅ ቢል ደግ ነው፣ እጅ ካቃጠለ ግን ቁሙና እንደገና አስተካክሉ።

አሁን ወደ «ግን» እንምጣ። በዚህ ድል ሰክሬ የአጎቴን ልጅ ቪትዝ ልሠራ ገባሁ። የቪትዝ የፊት ኩሽኔታ በኃይል ተጭኖ የሚገባ ነው፤ ፕሬስ ማሽን ይፈልጋል። እኔ በመዶሻ አስገባሁት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጩኸቱ ተመለሰ። መዶሻ ሲመታ ኳሶቹ የሚሮጡበት ለስላሳ መንገድ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ያ ጠባሳ እያደገ ኩሽኔታውን ይበላዋል። የአዲስ ኩሽኔታ ዋጋ ከነክብሬ ሄደ። መሥራት የነበረብኝ ክፍሉን እቤት ፈትቼ፣ ፕሬስ ላለው ባለሙያ ወስጄ፣ የመጫኛውን ብቻ መክፈል ነበር። ይህን መናገር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ቁልቁለት ላይ ጎማ ተነቅሎ የሌላ ሰው ልጅ ላይ መሄዱ ነው።

ለምን አሁን? ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። እንደኛ ባለ ከተማ፣ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ዕቃውም መካኒኩም በሰዓቱ አይደርሱም። «እኔ ኤሌክትሪክ እገዛለሁ» የምትሉም አትኩራሩ፤ የእሱም ጎማ የሚዞረው በኩሽኔታ ነው።

ዕቃ ስትገዙ ስልካችሁ ይሥራ። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ «ይገጥማል» በሚል ቃል ብቻ አትግዙ። አስመስለው የተሠሩ ኩሽኔታዎች በዓለም ገበያ የታወቀ ችግር ናቸው። ኤስኬኤፍ የተባለው የስዊድን አምራች ገዢዎች ፎቶ ልከው እውነተኛነቱን የሚጠይቁበት አፕ አለው።

ለጋራዥ ባለቤቶችም አንድ ቃል። ጎማውን ፊታችን ፍቱት፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳዩን፣ ፕሬስ ያላችሁ ደግሞ «የመጫኛ ብቻ» የሚል ዋጋ ለጥፉ። የሚያውቅ ደንበኛ ገበያችሁን አይዘጋም። ሐቀኛ ከሆናችሁ ያንን የሚያይላችሁ እሱ ብቻ ነው።

እናንተ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጎማ አንሱና ነቅንቁ። ከዚያ በፊት ግን ወደ ቻግኒም ሆነ ወደ ባሕር ዳር ስትነዱ ሙዚቃውን ለአምስት ደቂቃ ዝጉት።