«ለኅትመት አይበቃም» ማለት ግምገማ አይደለም

«ናሙናው ትንሽ ነው። እንግሊዝኛው ይታረም። የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ይጨመሩ። በዚህ መልኩ ለኅትመት አይበቃም።»

ነቀምት ውስጥ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ሁለት ዓመት የለፋበትን ጥናት ለአንድ ጆርናል ልኮ፣ ስምንት ወር ጠብቆ ያገኘው መልስ ይህ ነው፤ አራት ዓረፍተ ነገር። የጆርናሉን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ጆርናል አይደለምና። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ደብዳቤ ያውቀዋል። ወይ ደርሶታል፣ ወይ ራሱ ለሌላው ጽፎታል።

ከግቢ ውጭ ላላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ተመራማሪ ጥናቱን ለጆርናል ሲልክ አርታኢው ዘርፉን ለሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያስተላልፈዋል። እነሱ አንብበው «ይታተም»፣ «ይታረም» ወይም «አይሆንም» ይላሉ። የአቻ ግምገማ የሚባለው ይህ ነው። ገምጋሚው ብዙውን ጊዜ ስሙ አይገለጽም፣ አይከፈለውም፣ ለጻፈው ነገርም የሚጠይቀው የለም።

«ይሄ የምሁራን የቤት ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባናል። ከነቀምት በስተ ሰሜን ያለችውን ኡኬን እንውሰድ። ገበሬው በቆሎ ያመርታል፤ ጎተራ ያስገባል፤ ነቀዝ ይበላበታል። እስቲ አንድ ወጣት መምህር «ይህ የአካባቢው ቅጠል ነቀዝ ይቀንሳል» የሚል ጥናት አቀረበ እንበል። ነገር ግን ቅጠሉ ያልተጨመረበት ጎተራ ለማነጻጸሪያ አላስቀመጠም፤ የለካውም አንድ ወቅት ብቻ ነው።

ገምጋሚው ሳያነብ ቢያሳልፈው፣ ነገ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው «በጥናት ተረጋግጧል» ብሎ ለገበሬው ይነግራል። ቅጠሉ ባይሠራ የሚራበው ገምጋሚው አይደለም። ገምጋሚው «ናሙናው ትንሽ ነው» ብሎ ቢጥለው ደግሞ፣ ምናልባት የሚሠራው ቅጠል ከነጥናቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፦ «ቅጠል የሌለበት ጎተራ ጨምረህ ቢያንስ አንድ ወቅት ድገመው፤ ያ ካልተቻለህ ርዕስህን ‹የመጀመሪያ ምልከታ› በለውና ድምዳሜህን ቀንስ።» ይህን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚፈጀው ጥናቱን ማንበብ ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ገምጋሚ አያነብም።

ለምን? አንዱ ምክንያት በቃሉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «ግምገማ» የሚለውን ቃል የእኔ ትውልድ የሰማው ከጆርናል አይደለም። የሰማው ከኢሕአዴግ ዘመን ስብሰባ ነው፤ ሂስና ግለ ሂስ፣ አንዱ ተነስቶ ሌላውን የሚዘልፍበት፣ ሰው ቁጭ ብሎ ተራውን በፍርሃት የሚጠብቅበት መድረክ። ከዚያ መድረክ የወረስነው ልማድ «ጉድለቱን ያገኘ ይበልጣል» የሚል ነው። እንዴት ይስተካከል የሚለውን ማንም አይጠይቅህም። ይኸው ልማድ ወንበሩን ይዞ ጆርናል ውስጥ ገብቷል። ገምጋሚው ራሱን እንደ መድረክ መሪ ያያል፤ ጸሐፊው ደግሞ እንደ ተከሳሽ።

የዚህ ተቃራኒ የሚመስለው በሽታ ይሉኝታ ነው። አገራችን ሰፊ ብትሆንም ዘርፎቻችን ጠባብ ናቸው። በምዕራብ ኦሮሚያ አፈ ታሪክ ወይም በወለጋ አፈር አሲዳማነት ላይ የሚሠሩት ሰዎች ይተዋወቃሉ። ስሙ ቢሰረዝም ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ። አስተማሪህ ከሆነ ታሳልፋለህ። አብሮ አደግህ ከሆነ ታሳልፋለህ። «ጥሩ ሥራ ነው፤ ጥቂት የፊደል ግድፈት ይታረም» ብለህ ትልካለህ። ጨካኙም ይሉኝተኛውም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሥራውን አላዩትም። አንዱ ሰውየውን ገፋ፣ ሌላው ሰውየውን አቀፈ፤ ጥናቱን ግን ማንም አልነካውም።

እውነተኛ ግምገማ ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ 1936 እ.ኤ.አ. እንመለስ። አልበርት አንስታይን ከባልደረባው ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ የስበት ሞገድ የሚባል ነገር የለም የሚል ጽሑፍ ለአንድ የአሜሪካ የፊዚክስ ጆርናል ላከ። አርታኢው ለገምጋሚ ሰጠው። ገምጋሚው አሥር ገጽ አስተያየት ጻፈ፤ ስህተቱ የትኛው ስሌት ላይ እንዳለና በምን መንገድ ሊታለፍ እንደሚችል እየዘረዘረ። አንስታይን ተቆጣ። ጽሑፉን ሳይታተም ለሌላ ሰው አሳዩብኝ ብሎ አነሳውና ወደ ሌላ ጆርናል ወሰደው። ነገር ግን በ1937 ጽሑፉ ሲታተም ድምዳሜው ተገልብጦ ነበር። ገምጋሚው ሃዋርድ ሮበርትሰን እንደነበረ የታወቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በ2015 የስበት ሞገድ በመሣሪያ ተለክቶ ተገኘ።

ልብ በሉ። ሮበርትሰን የዘመኑን ትልቁን የፊዚክስ ሊቅ ስም አይቶ አላሳለፈም፤ ይሉኝታ አልያዘውም። «ለኅትመት አይበቃም» ብሎም አልጣለውም። አሥር ገጽ ቁጭ ብሎ ጻፈ። አንስታይንን ከትልቅ ኀፍረት ያዳነው ስሙ ያልታወቀ ሰው ድካም ነው።

ወለጋም ለዚህ ምሳሌ አታጣም። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ከቋንቋው ተነጥሎ ያደገ ሰው ነበር። ያን ክፍተት የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። እሷም እንደ እሱ ከባርነት የወጣች፣ ግን ኦሮምኛዋን በሙላት የያዘች ሴት ነበረች። ሥራው በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ኦኔሲሞስ ነቀምት ውስጥ በ1931 አረፈ፤ ስሙን ሁሉ ያውቀዋል፤ የአስቴርን ስም የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። የጎደለውን ቃል አውቆ፣ ትክክለኛውን አምጥቶ ማስቀመጥ፤ አቻ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገምጋሚ ለሆናችሁ ሁሉ አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ከመንቀፋችሁ በፊት ጥናቱ ምን እንደሚል በራሳችሁ ቃል በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ይህን መጻፍ ካቃታችሁ ወይ አላነበባችሁም፣ ወይ ጸሐፊው አላስረዳም። ሁለቱም መታወቅ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ጥናቱን የሚገድለውን ከሚያሳክከው ለዩ። ማነጻጸሪያ አለመኖር ይገድላል። የነጠላ ሰረዝ ቦታ አይገድልም። ሁለቱን እኩል ደርድራችሁ ስትልኩ ወጣቱ ሰረዙን አርሞ ይመልስላችኋል።

ሦስተኛ፣ ቦታውን ንገሩ። «ትንታኔው ደካማ ነው» ማለት ለታመመ ሰው «ጤነኛ አይደለህም» እንደ ማለት ነው። የትኛው ሠንጠረዥ? የትኛው አንቀጽ? «እንግሊዝኛው ይታረም» ከማለትም ሐሳቡ የጠፋባችሁን ዓረፍተ ነገር ጥቀሱ።

አራተኛ፣ የምትጠይቁት ነገር የሚቻል ይሁን። በ2012 ዓ.ም. ከጥር ወር ዋዜማ እስከ መጋቢት በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህም በጸጥታው ምክንያት መስክ መውጣት ያልተቻለባቸው ብዙ ወራት አልፈዋል። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ለምን ሌሎች ወረዳዎች አልተካተቱም? በአሥራ አምስት ቀን አርመህ ላክ» የሚል ገምጋሚ ስለ ሳይንስ ጥብቅ አይባልም፤ ስለ አገሩ አያውቅም ነው የሚባለው። ወረዳ ማስጨመር ካልተቻለ ድምዳሜውን ማስጠበብ ይቻላል።

«ጊዜ የለንም፤ አይከፈለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። መምህሩ የማዕረግ እድገት የሚያገኘው ባሳተመው ነው፤ ሌሊት ቁጭ ብሎ የሌላውን ሥራ ስላቃና የሚያመሰግነው የለም። ይህ የዩኒቨርሲቲዎቹ ጥፋት ነው። ጥሩ ግምገማ በእድገት ነጥብ ይቆጠር። አርታኢዎችም አራት ዓረፍተ ነገር ሲደርሳቸው ለጸሐፊው ከማስተላለፍ ይልቅ ለገምጋሚው ይመልሱ። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችም መገምገምን እንደ ትምህርት ይማሩት፤ ዛሬ ሰው ገምጋሚ የሚሆነው በደል እየደረሰበት በተማረው ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ሰበብ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ጊዜ የሌለው «አልችልም» ብሎ በሳምንቱ ይመልስ፤ ስምንት ወር አስቀምጦ አራት መስመር የሚጽፍ ግን የሰው ዕድሜ ነው የወሰደው።

በመጨረሻ አንድ ነገር። ከፍለህ የምታሳትምባቸውን፣ ማንም የማያነብባቸውን ገንዘብ ለቃሚ ጆርናሎች ሁላችንም እንረግማለን። ግን ደንበኛ የማያጡት ለምንድን ነው? ወጣቱን መምህር በር ላይ አያስቆሙትማ። በሳምንት ውስጥ «እንኳን ደስ አለህ» ይሉታል። እኛ ደግሞ ስምንት ወር አቆይተን አራት መስመር እንሰጠዋለን። በአራት መስመር እያባረርን ወዴት ሄድክ ልንለው አንችልም። ለእነሱ ደንበኛ የምንሰበስብላቸው እኛው ነን።

ኢሜይላችሁ ውስጥ አስተያየት የሚጠብቅ ጥናት ካለ ዛሬ ማታ ክፈቱት። አንብቡት።