ከልደታ ወደ ሐዋሳ፦ ትንሹ ወጪ የመኪናው ኪራይ ነው

ልደታ ማርያም አካባቢ ሃያ ዓመት ያለፈው የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ የነበራቸው አንድ ጎረቤታችን ሰሞኑን ጠርተውኝ አንዲት ወረቀት አሳዩኝ። ሱቃቸው ያለበት ቤት እንደሚፈርስ ስለተነገራቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሐዋሳ ለመግባት ቆርጠዋል። ወረቀቷ ላይ የተጻፉት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ “አይሱዙ” እና “ጫኝ አውራጅ”። ከታች ድምር ተደርጎ ተሰምሮበታል።

“በጀቱ ይኸው ነው፤ አንተ ኢኮኖሚክስ የተማርክ ስለሆንክ እስቲ እየው” አሉኝ።

“ጋሼ፣ የተቀረውስ?” አልኳቸው።

“የትኛው የተቀረው?”

የዚህ ሳምንት ጽሑፍ መነሻ ይህች ጥያቄ ናት። ጋሼ ነጋዴ ናቸው፤ የአንድ ጥቅል ሽቦ ትርፍ በሳንቲም አስልተው ያውቃሉ። ይሁንና ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩትን ካፒታል 275 ኪሎ ሜትር ይዘውት ሲጓዙ የሚያሰሉት የመኪናውን ኪራይ ብቻ ነው። እርሳቸው ብቻም አይደሉም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ከነባር ቦታቸው የተነሡ፣ ወይም የአዲስ አበባ ኪራይ አልቀመስ ያላቸው በርካታ ነጋዴዎች ወደ አዳማ፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ሲያማትሩ ይህ ጸሐፊ ታዝቧል። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚደውሉት ለመኪና ደላላ ነው። የዚህ ጸሐፊ አቋም ግን፣ ከከተማ ወደ ከተማ መዛወር እንደ ጭነት ሳይሆን እንደ አዲስ ኢንቨስትመንት መታየት አለበት የሚል ነው። ኢንቨስትመንት ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥያቄ “መኪናው ስንት ይጭናል?” ሳይሆን “ሥራ ማስኬጃው ስንት ወር ይቆያል?” ይሆናል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የቀረቡ ስለሆኑ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ይተካባቸው። አንድ ነጋዴ ለመኖሪያ ቤት በወር 20 ሺህ፣ ለሱቅ 25 ሺህ ብር ይከፍላል፤ ሱቁ ደግሞ በቀን 3 ሺህ ብር ያስገኝለታል እንበል። ለመኪና፣ ለጫኝ አውራጅ፣ ለካርቶንና ለገመድ በጠቅላላው 60 ሺህ ብር ያወጣል። ጋሼ ወረቀት ላይ ያለው ይኸው ነው። አሁን ቀሪውን እንደምር።

አንደኛ፣ አዲሱ ቤትና አዲሱ ሱቅ ተይዘው አሮጌዎቹ እስኪለቀቁ ድረስ የአንድ ወር ድርብ ኪራይ አለ፤ 45 ሺህ ብር። ሁለተኛ፣ ለአዲሱ ቤት በወር በ12 ሺህ ሒሳብ የሁለት ወር ቅድሚያ 24 ሺህ፣ ለአዲሱ ሱቅ በወር በ15 ሺህ ሒሳብ የሦስት ወር ቅድሚያ 45 ሺህ ብር ይከፈላል። ሦስተኛ፣ ሱቁ ተዘግቶ በሚቆይባቸው 20 ቀናት የሚቀር ገቢ 60 ሺህ ብር ነው። አራተኛ፣ አዲስ ሱቅ በተከፈተ ማግስት ደንበኛ አይሰለፍም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የቀን ገቢው በግማሽ ቢቀንስ 135 ሺህ ብር ጎደለ ማለት ነው። አምስተኛ፣ ሰፈር ውስጥ የተበተነ ዱቤ አለ፤ 50 ሺህ ብሩ ሳይሰበሰብ ቢቀር እርሱም ይደመራል።

ጠቅላላ ድምሩ 419 ሺህ ብር ይመጣል። መኪናውና ጉልበቱ ከሰባት እጅ አንዱ ብቻ ናቸው። ለያልታሰበ ወጪ አሥር በመቶ ቢታከልበት ነጋዴው 461 ሺህ ብር ገደማ በእጁ ሊኖረው ይገባል። የሒሳብ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከነዚህ ውስጥ ቅድሚያ ኪራይ በእውነቱ ኪሳራ አይደለም፣ ኋላ ይኖሩበታልና። ዱቤውም ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። የቀረው ገቢም ከኪስ የሚወጣ ሳይሆን ኪስ የማይገባ ነው። ሆኖም ሦስቱም በዚያ ወር እጅ ላይ የሚገኘውን ጥሬ ገንዘብ ያሳንሳሉ። ነጋዴን ከገበያ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ኪሳራ ሳይሆን የጥሬ ገንዘብ እጥረት መሆኑን መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል።

እንግዲህ ቁጠባው መጀመር ያለበት ከትልልቆቹ ቁጥሮች ነው። ከመኪናው ደላላ ጋር ለአምስት ሺህ ብር ሲከራከር የሚውል ሰው፣ ሱቁ አምስት ቀን ቀድሞ ቢከፈት 15 ሺህ ብር እንደሚያተርፍ ይዘነጋል። መፍትሔው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀድሞ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ቀዳሚው ሱቅ ይይዛል፣ መደርደሪያ ያሠራል፣ መብራት ያስገባል፣ ከአካባቢው ነጋዴ ጋር ይተዋወቃል። የልደታው ሱቅ በዚህ ጊዜ ይሸጣል፣ ዱቤ ይሰበስባል፣ ቀስ በቀስ የሚሄደውን ዕቃም በቅናሽም ቢሆን ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለውጣል። የማይሸጥ ዕቃ ተጭኖ ሄዶ ሐዋሳ ላይም አይሸጥም።

የቤት ዕቃም እንደዚሁ ነው። መኪና ላይ የሚከፈለው ለቦታ ነው። አሮጌው ቁም ሣጥንና ብፌ የሚይዙት ቦታ ዋጋቸውን ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ግዙፍ ዕቃ “እዚህ ስንት ይሸጣል? እዚያ ስንት ይገዛል? ለመጫን ስንት ይወስዳል?” ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። የእናት መታሰቢያ ከሆነ ግን ሒሳብ አያስፈልገውም፤ ይጫን።

መኪናውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ማለት ይጠቅማል። ከደቡብ አትክልትና ፍራፍሬ ጭነው አዲስ አበባ የሚገቡ መኪኖች ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ጭነት ያጣሉ። ባዶውን ከሚመለስ ሾፌር ጋር የሚደረግ ስምምነት፣ ለእናንተ ብሎ ከሚነሣና ባዶውን ከሚመለስ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ዋጋ ሊኖረው አይገባም። ይህን ዕድል የሚያገኘው ግን ቀኑን ቀደም ብሎ ያወቀ ሰው ነው። “ነገ ልጫን” ያለ ሰው የነገን ዋጋ ይከፍላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

የነዳጅን ነገር ማንሣትም ግድ ይላል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አልፏል። ናፍጣም በዚያው መንገድ ሄዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ጎማውም፣ መለዋወጫውም አዲሱን ዋጋ ተከትሏል። ስለዚህ ዘመድ ካቻምና ከፍሎ የነገራችሁን ዋጋ ይዞ በጀት መሥራት ራስን ማታለል ነው። ርቀትም ብቻውን ዋጋ አይወስንም። ወደ ሐዋሳ ሲኬድ እስከ ሞጆ፣ ከዚያም እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ሰዓት ያሳጥራል፤ ክፍያው ግን በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ባሕር ዳር በአንፃሩ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት የተነሣ ሾፌር ዋጋ ሲጠራ የመንገዱንም ሥጋት ጨምሮ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ ወረቀት ነው። የንግድ ዕቃ ያለ ግዥ ደረሰኝ መንገድ ከወጣ ኬላ ላይ የኮንትሮባንድ ጥያቄ ይከተለዋል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውንም ለግብር ሰብሳቢው ሳያሳውቁ ነቅሎ መውሰድ ያስቀጣል። በተለይ ሐዋሳ የሚገባ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ሲዳማ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የግብር ፋይል ወደዚያ የሚደረገው ዝውውር ከክፍለ ከተማ ወደ ክፍለ ከተማ እንደመዛወር አይደለም። ክሊራንሱ፣ የንግድ ፈቃዱ የአድራሻ ለውጥ፣ የወረዳ መሸኛው፣ የልጆች የትምህርት ቤት መልቀቂያ እያንዳንዳቸው ቀን ይበላሉ። ቀን ደግሞ ከላይ እንዳየነው 3 ሺህ ብር ነው። መንግሥት ነጋዴው ከዋና ከተማዋ ውጭ እንዲያለማ የሚፈልግ ከሆነ፣ የአድራሻ ለውጥን በአንድ መስኮት መጨረስ ከብዙ ማበረታቻ የበለጠ ዋጋ አለው።

የኪራይ ውልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይደለም። የሱቅ ቅድሚያ በድርድር ያልቃል፤ ጥሬ ገንዘብን የሚውጠውም እርሱ ነው። ሱቁን ለሦስት ወር ከመያዝ በፊት ማየት የሚገባው ደግሞ የከተማውን ገበያ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የከተማዋን ኪራይና ንግድ እንዳነቃቃ፣ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ ዕድል ስትታገድና ፒቪኤች የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያ ፓርኩን ለቆ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ሠራተኛ ሥጋት ላይ እንደወደቀ የሚታወስ ነው። ከደመወዝተኛ ኪስ ገበያ የሚጠብቅ ነጋዴ ይህን ማጥናት አለበት። የአካባቢውን የገበያ ወቅት ማወቅም ያስፈልጋል፤ የልደታ ነጋዴ ግንቦት ልደታንና የዘመን መለወጫን እንደሚያውቅ ሁሉ ሐዋሳ ላይ ፍቼ ጨምበላላ መቼ እንደሚውል ይጠይቅ።

የጫኝና አውራጅ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች፣ ባለቤቱ የራሱን ዕቃ በራሱ ቤተሰብ ሊያወርድ ሲል ጠብ የሚነሣበት፣ ዋጋውም መኪናው ደጃፍ ከቆመ በኋላ የሚነገርበት ልማድ አለ። ወጣቶቹ ሥራ ማግኘታቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ ያልታወቀ ዋጋ ዋጋ ሳይሆን ቅጣት ነው፤ መንቀሳቀስ በሚፈልግ ዜጋ ላይ የተጣለ ያልታወጀ ግብር ነው። ተመን ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይሰጥ። እስከዚያው ግን መኪናው ሳይመጣ ከሁለት ቀን በፊት ተስማምቶ በጽሑፍ መያዝ ይበጃል። ከሾፌሩ ጋርም የመነሻ ሰዓት፣ የዕቃው ዝርዝርና ቢሰበር ተጠያቂው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ውድ ዕቃ ካለ የጉዞ ላይ መድን ይጠየቅ።

በታሪካችን ትልቁ የጓዝ ሒሳብ የተሠራው በአፄ ምኒልክ ዘመን ሳይሆን አይቀርም። በ1890ዎቹ የማገዶ እንጨት እጥረት አዲስ አበባን ሲያስጨንቃት፣ ንጉሡ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ግን አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ቤት ብዛትና ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሐሳቡን አስለወጡ። አዲስ ዓለም የተጀመረውም ግንባታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሥራው ተጀምሮም ቢሆን፣ ሒሳቡ ካላዋጣ መተው ሽንፈት አይደለም።

ጋሼ በሳምንቱ ሁለተኛ ወረቀት ይዘው መጡ። በዚህኛው ላይ አሥራ አንድ መስመር አለ። ነሐሴ ውስጥ ዝናቡና የትምህርት ቤት ምዝገባው አንድ ላይ ስለሚሆኑ ጉዞውን ወደ ጥቅምት ገፍተውታል፤ ልጃቸው ቀድሞ ይሄዳል። የመጨረሻው መስመር ላይ “ዱቤ” የሚል ጽሑፍና የአሥራ ስድስት ሰዎች ስም አለ።

“እነዚህን ሳልሰበስብ መኪና አልጠራም” አሉኝ።

ድምሩ ከመጀመሪያው ወረቀት ብዙ እጥፍ ነው። ግን ጋሼ በዚህኛው ላይ ገና አላሰመሩበትም።