ግራጫ የሥልጣኔ መለኪያ ነውን?

የመርካቶ ግድግዳ አረንጓዴው ከሮዙ፣ ሰማያዊው ከቢጫው የሚጋጭበት ዝብርቅርቅ ስለሆነ አንድ ዓይነት «ረጋ ያለ» ቀለም ይልበስ የሚል አስተያየት በተማረው የኅብረተሰብ ክፍል ዘንድ ሥር ሰድዷል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ያሉ ብዙ ሕንፃዎች ግራጫና መሰል ቀለም ተቀብተዋል። የጎዳናው መጽዳትና የእግረኛው መንገድ መስፋት የሚደገፍ ተግባር ነው። ለክርክር የሚቀርበው ከዚህ ተነሥቶ ግራጫን የሥልጣኔ፣ ደማቁን ቀለም የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ የሚሰብከው አመለካከት ነው። ስብከቱ ከጎዳናው አልፎ አዲስ ቤት የሠራውን ሰው ሳሎንና መኝታ ቤት ጭምር አመድ እያስመሰለው ነው።

አመለካከቱ ታሪካዊ ሥር አለው። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የፋሺስት ኢጣሊያ አስተዳደር፣ ጊዲና ቫሌ የተባሉ አርክቴክቶች ፕላን ሲነድፉለት፣ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለየ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውንም ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ «የአገሬው ገበያ» አለው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ የዚያ ቅሪት ነው። አገሬው ሥርዓት የሚሰጠው እንጂ የራሱ ሥርዓት ያለው ሕዝብ አይደለም የሚለው የቅኝ ገዥ ፍርድ ያኔ በካርታ ላይ ተሠመረ፤ ዛሬ ያገሩ ምሁር በቀለም ናሙና ላይ ሲደግመው ማየት ያሳፍራል።

ለመሆኑ ቀለም የማያውቀው የትኛው ሕዝብ ነው? በሐረር ጀጎል ባህላዊ ቤት ግድግዳው በኖራ ይነጣል፤ መደቡና ወለሉ ቀይ ይሆናል፤ በነጩ ላይ የሴቶች እጅ የሠራው ስፌት ይሰቀላል። በሀላባ የሣር ቤቶች ግድግዳ በደማቅ ቀለማትና በሥዕል ያጌጣል። ይህን ሁሉ ዝብርቅርቅ ብሎ ማለፍ አለማየት ነው።

ቀለም የሚመረጠው በብርሃን፣ በአቧራ፣ በጢስና በግድግዳው ጠባይ ነው። በመርካቶ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ግራጫ ሲቀባ ነዋሪው በቀትር አምፑል ያበራል፤ ነጭ ወይም ክሬም ሲሆን ግን በደጅ የምትገባው ጥቂት ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ ትዳረሳለች። የግድግዳውን ታችኛ ግማሽ ጠቆር ባለ የዘይት ቀለም መቀባት፣ በየትምህርት ቤቱ የሚታየውና አዋቂ ነን ባዮች የሚስቁበት ልማድ፣ የሚታጠብ ስለሆነ የተለመደ ነው። በጭቃ ቤት ላይ የዘይት ቀለም የሚደርብ ሰው ግን ገንዘቡን ይጥላል፤ ጭቃው የያዘው እርጥበት መውጫ አጥቶ ቀለሙን ይልጠዋል። ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሳል፤ ሻጋታንም ይከላከላል። ከአፈር የተገኘ ቀይና ቢጫም የአዲስ አበባን ብርቱ ፀሐይ ይችላል፤ ብዙው አብረቅራቂ ቀይ ግን ቶሎ ይገረጣል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የድሀውን አረንጓዴ በር የሚነቅፈው ብዕር በሌላ በኩል ዝም ማለቱ ነው። ኩባንያዎች የሱቅ ፊት በራሳቸው የንግድ ምልክት ቀለም ከላይ እስከ ታች ሲቀቡ፣ የነዋሪውን ግድግዳ ማስታወቂያ ሲያደርጉት «ዓይን ይበጠብጣል» ያለ የለም። ነዋሪው ሲመርጥ ዝብርቅርቅ፣ ካፒታል ሲመርጥ ዘመናዊነት!

የኪነ ጥበብ ባለሙያውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በርካታ ሠዓሊያን አፍርቷል። ይሁን እንጂ ሠዓሊው ሸራውን ለአዳራሽ ሲያሰናዳ ሕዝቡ የሚኖርበትን ግድግዳ ለቀለም ነጋዴው ትቶለታል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው የውጭውን ቀለም አይመርጥም፤ የእርሱ የሆነው የውስጡ ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ መካሪ የለውም። ሠዓሊያንና መምህራን በየወረዳው ወርደው ሊያስተምሩት የሚችሉት ነገር ቀላል ነው፦ ከትንሽ ካርድ ላይ አይመረጥ፤ ሁለት ሦስት ቀለም ክንድ በክንድ ተደርጎ በራሱ በግድግዳው ላይ ይቀባ፤ እስኪደርቅም ይጠበቅ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በመብራት ይታይ፤ ቀቢው ጣሳውን የሚከፍተው ባለቤቶቹ፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ በቤቱ የምትውለው እናት፣ ይህ ይሁን ሲሉ ብቻ ነው።