ርኅራኄ መታወቂያ ሲጠይቅ

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው ብሂል ከጦርነቱ ወዲህ በመቐለ ካፌዎች ከማኪያቶው ጋር አብሮ የሚቀርብ ሆኗል። የሚያስገርመው ብሂሉ መደጋገሙ አይደለም፤ የሚያስገርመው እኛ የተማርን የምንባለው ሰዎች ይህንኑ ተስፋ መቁረጥ የፍልስፍና ካባ አልብሰን መልሰን ለሕዝቡ መሸጣችን ነው። «ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው፤ ሆብስም ብሎታል» እንላለን። ሆብስ ታዋቂ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1651 ያሳተመው አገሩ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት በታመሰችበት ዘመን እንደነበር ግን አንጠቅስም። በእሳት መካከል የቆመ ሰው ዓለም ሁሉ የምትነድ ቢመስለው አይፈረድበትም። ከእሳቱ ወጥቶ የሚያስተምር ሰው ግን ያንኑ ቢደግም ሊጠየቅ ይገባዋል። የኔ ሙግት አጭር ነው፦ «ሰው ክፉ ነው» የሚለው አባባል ዕውቀት ሳይሆን ማምለጫ ነው። ሁሉም ክፉ ከሆነ ማንም ተጠያቂ አይሆንምና።

ውድ አንባቢያን፣ ለማስረጃ ሩቅ አንሂድ። የዩኒቨርሲቲያችን ዋና ግቢ ያለበትን የእንዳ ኢየሱስን ኮረብታ እንይ። በኅዳር 1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አምባላጌ ላይ ድል ከሆነ በኋላ፣ ሻለቃ ጋሊያኖ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ጦር ይዞ በዚህ ኮረብታ ላይ መሸገ። አብዛኛው ጦሩ አስካሪ፣ ማለትም በኢጣሊያ ባንዲራ ሥር የተሰለፈ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነበር። ምሽጉ በጥይት አልተደፈረም። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምሽጉ የሚጠጣበት ምንጭ ተያዘ። ጥም መድፍ ያልሠራውን ሠራ፤ በጥር ወር ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ።

የምንጩን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንኮራበታለንም። ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ግን ስንቶቻችን እናወሳለን? አፄ ምኒልክ ያንን በጥም የደከመ ጦር አላረዱትም። መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ፈቀዱለት፤ የጭነት ከብት ሰጡት፤ በራስ መኰንን አጀብ ወደ ወገኑ ሸኙት። «ፖለቲካዊ ስሌት ነበረበት» የሚል ተቺ ይኖራል። አዎን፣ ነበረበት፤ ንጉሡ ለአውሮፓ ምን እንደሚያሳዩ ያውቁ ነበር። ግን ከመቼ ወዲህ ነው ስሌት ምሕረትን የሚሽረው? የተጠማው ሰው ውኃ ያገኘው ከንጹሕ ልብ ይሁን ከብልህ ጭንቅላት፣ ጥሙ ያው ረክቷል። ሌላው ደግሞ «ያ ጦር እኮ በየካቲት ዓድዋ ላይ ተመልሶ ወጋን» ይላል። እውነት ነው፤ ጋሊያኖ የሞተው ዓድዋ ላይ ነው። ሆኖም ዓድዋን ያሸነፈው ያው ምሕረት ያደረገው ጦር ነው። መራራት አላደከመውም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው ግን ከዋሾቹ አንዱ እሆናለሁ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ 1,900 የሚጠጉ ኢጣሊያውያን ምርኮኞች ወደ መሐል አገር ተወሰዱ፤ አብዛኞቹ በደህና ተያዙ፤ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. ከተፈረመው የአዲስ አበባ ውል በኋላም አገራቸው ገቡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ግን የቀኝ እጃቸውና የግራ እግራቸው ተቆረጠ። ምክንያቱ «ባንዳ ናቸው» የሚል ነበር። ባሕር ተሻግሮ አገር ሊወርር የመጣው እንጀራ ሲቀርብለት፣ በደመወዝና በድህነት የተመለመለው የአገር ልጅ አካሉ ጎደለ። እነሆ የሕመማችን ሥር! ርኅራኄያችን የሚለካው በተጎጂው ሕመም ሳይሆን በተጎጂው ማንነት ነው። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት መታወቂያ ይጠይቃል።

ከ120 ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ መታወቂያው ተገለበጠ እንጂ ጥያቄው አልቀረም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የኤርትራ ወታደሮች በአክሱም ሰላማዊ ሰዎችን ፈጁ። በዚያው ዓመት ነሐሴና ጳጉሜን ደግሞ በትግራይ ኃይሎች እጅ በጭናና በቆቦ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ሁለቱንም አምነስቲ ኢንተርናሽናል መርምሮ ዘግቧል። ለአክሱም ያለቀሰ ስለ ጭና ሲነገረው «ፕሮፓጋንዳ ነው» አለ፤ ለጭና ያለቀሰም ስለ አክሱም ያንኑ ቃል መለሰ። ወገኖቼ፣ አንድ ዓይነት ሬሳ፣ አንድ ዓይነት እናት፣ አንድ ዓይነት ክህደት! እኔ እዚህ መቐለ ተቀምጬ የአክሱምን ብቻ ብጽፍ የሚያጨበጭብልኝ አላጣም። ነገር ግን ጭብጨባ ለማግኘት የሚፈስ እንባ እንባ አይደለም።

ስለ ውኃውም እንነጋገር። በ1888 ጥም የተላከው ምሽግ ውስጥ ባለ ወታደር ላይ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ግን ባንኩ፣ ስልኩ፣ መብራቱና መድኃኒቱ የተዘጋው በሚሊዮኖች በሚቆጠር ሰላማዊ ሕዝብ ላይ ነው። ሲቪሎችን ማስራብን እንደ ጦር ስልት መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሁለተኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ይህን ሁሉ እያወቀ «ጦርነት ነው፤ ምን ይደረግ!» ያለ ምሁር ሁሉ፣ በየትኛውም ከተማ ይኑር፣ ከዝግጅቱ ማዕድ ቆርሷል።

ሌላው ደግሞ የገዛ ገበናችን ነው። የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ለረሃብተኛ የተላከ እህል በሽራሮ ገበያ ሲሸጥ ተገኘና በትግራይ የምግብ ዕርዳታ ተቋረጠ፤ በሰኔ ወር እቀባው በመላ አገሪቱ ተዳረሰ። የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር ባካሄደው ምርመራ ከ7,000 ቶን በላይ ስንዴ መሰረቁን ገለጸ፤ ጣቱንም በፌደራሉ፣ በኤርትራ ወታደሮችና በራሱ በክልሉ ሰዎች ላይ ቀሰረ። ሌባው ከሦስት ወገን ነበር፤ የተራበው ግን አንድ ወገን ነበር። «ወገን፣ ወገን» ሲባል የኖረው መሐላ እዚህ ላይ ተፈተነና ወደቀ። ለወገን ብቻ የሚሠራ ርኅራኄ ውሎ አድሮ ለወገንም አይሠራም፤ መታወቂያ መጠየቅ የለመደ እጅ የማታ ማታ ከራሱ ቤተሰብ በቀር ማንንም አያውቅምና።

ታዲያ ሰው ክፉ ነው ማለት ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ዳርሊና ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፕሪንስተን አርባ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ፈተኑ። ተማሪዎቹ ንግግር ለማድረግ ሲሄዱ በመንገዳቸው ላይ የሚያቃስት ሰው ተቀምጦ ጠበቃቸው። የአንዳንዶቹ ንግግር ርእስ ራሱ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። የረዱትን ካልረዱት የለየው ግን ርእሱ ሳይሆን ጥድፊያው ሆነ፦ ካልተቻኮሉት ከመቶ 63፣ እጅግ ከተቻኮሉት ከመቶ 10 ብቻ ቆመው ረዱ። ስለ ምሕረት ማስተማርና ምሕረት ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይህ ለኛ ለመምህራን ከሁሉ በላይ ሊያሳፍረን ይገባል። ተስፋም አለው፤ ልብን መለወጥ ቢያዳግት ሁኔታን መለወጥ ይቻላልና።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የዕርዳታ መዝገብ በየጣቢያው በአደባባይ ይነበብ፤ ስሙ የተጠራው ሰው እህሉን መቀበሉን ጎረቤቱ ይመስክር። ሌባን ለማቆም ከስብከት ይልቅ የጎረቤት ዓይን ይሻላል። ሁለተኛ፣ የጅምላ ግድያን የሚያወግዝ ሁሉ የራሱ ወገን ያደረሰውን አንዱን በስሙ ጠርቶ ይጀምር፤ ያ ካልሆነ ዝም ይበል። ሦስተኛ፣ ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅለው በትምህርት ቤቶች ውስጥ ዓመታት የቆጠሩት ሰዎች የድርድር ካርድ መሆናቸው ይብቃ። የመሬቱ ክርክር እስኪፈታ ድረስ ብርድ አይጠብቅም።

ያው ሕዝባችን «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ብሎም ተርቷል። ሁለቱም ብሂሎች የኛው ናቸው፤ በየትኛው እንደምንኖር የሚወስንልን ተፈጥሮ ሳይሆን የነገ ጠዋት ተግባራችን ነው።

ቸር ይግጠመን!