የሳይሆጂ ደጅ፦ የጎብኚን ቁጥር መገደብ ስለምን ተገቢ ሆነ?

በጃፓን፣ በኪዮቶ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው የሳይሆጂ ቤተ መቅደስ በአትክልት ስፍራው የታወቀ ነው። መሬቱን፣ ድንጋዩንና የዛፎቹን ሥር እንደ ምንጣፍ የሸፈነው ሳረንስት 120 ያህል ዓይነት እንዳለው ይነገራል። ይህን ለማየት የሚሻ ሰው ግን አስቀድሞ አመልክቶ ቀን ማስያዝ አለበት። ደንቡ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ስፍራው ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት ነበር። የሕዝቡ ብዛት ሳረንስቱን ጎዳው፤ የተሽከርካሪው ጫጫታም ነዋሪውን አማረረ።

ገደቡን የጎብኚን መብት እንደ መንፈግ የሚቆጥር አስተያየት የዕፁን ጠባይ ይዘነጋል። ሳረንስት እውነተኛ ሥር የለውም፤ ውኃ የሚስበው በአብዛኛው በቅጠሉ ነው፤ ከመሬት ጋር የሚያያዘውም በቀጫጭን ክሮች ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ የተረገጠው በቀላሉ ይነቀላል፣ ለማገገምም ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1339 የዜን መነኩሴው ሙሶ ሶሴኪ ስፍራውን እንደገና ሲያቀና ይህ አረንጓዴ ልብስ በዕቅዱ አልነበረም። የተስፋፋው ቤተ መቅደሱ ለእንክብካቤ አቅም ባጣበት በኋለኛው ዘመን ነው ይባላል። (ለዛሬው ዝናው ከመነኩሴው ጥበብ ይልቅ የቸልታው ዘመን ሳይበጅ አልቀረም።) ታዲያ ሰው ያልተከለውን ሰው እንደገና ተክሎ ሊተካው አይችልም፤ የሚችለው ከእግር መጠበቅ ብቻ ነው።

ደንቡ ሌላም ጥቅም አለው። በተለመደው ሥርዓት ጎብኚው ወደ አትክልቱ ከመውረዱ በፊት ተቀምጦ የቡድሃ ሃይማኖት ጽሑፍ በብሩሽ ይገለብጣል። ይህ ለብዙው የውጭ አገር ሰው አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከጥድፊያ የወጣ ሰው በኩሬው ዙሪያ የሚራመደው በዝግታ ነው፤ ከመንገዱም አይወጣም።

ደካማው ጎን ገንዘቡ ነው። በሺህ የን የሚቆጠረው ክፍያ ከአብዛኞቹ የኪዮቶ ቤተ መቅደሶች መግቢያ እጅግ ይበልጣል። ክፍያው ለጥገና እንደሚያስፈልግ አያከራክርም፤ ነገር ግን ሳረንስቱን ያዳነው የቁጥሩ ገደብ እንጂ የዋጋው መወደድ አይደለም። ከየዕለቱ ቦታ ጥቂቱ ለተማሪዎችና አቅም ለሌላቸው በዕጣ፣ በአነስተኛ ክፍያ ቢመደብ፣ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው እግር በአንድ እንኳ አይጨምርም።