የተለያዩ ራሞችን ማቀላቀል፦ ነውር ወይስ ብልሃት?

የተለያዩ ራሞችን በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ መግጠም «አይቻልም» የሚል አስተያየት ዘወትር ይሰማል። በፋብሪካ አብረው ተፈትሸው በጥንድ የሚሸጡትን መግዛት የተሻለ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው አሶሳ፣ የተበላሸ ኮምፒዩተር ጤነኛ ራሙን እንደያዘ በመጋዘን አቧራ ሲጠጣ፣ ሌላው በራም እጥረት ሲያዘግም ማየት አግባብ አይመስለንም።

እርግጥ ነው፣ ትውልዳቸው የተለያየ ራሞች አብረው አይሠሩም። ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት ይሠራሉ፤ በታችኛው ጠርዛቸው ያለው ክፍተት ቦታም ስለሚለያይ በግድ መጫን ማዘርቦርዱን መስበር ነው። የአንድ ትውልድ ከሆኑ ግን ማዘርቦርዱ በእያንዳንዱ ራም ላይ ካለችው ትንሽ ቺፕ የፍጥነቱን ልክ ያነብና፣ ሁሉንም አብዛኛውን ጊዜ በዘገምተኛው ልክ ያሠራቸዋል። ባለ 1600ው ከባለ 1333ቱ ጋር ሲጣመር በ1333 ይሄዳል። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ይህ ኪሳራ ከቁጥር አይገባም፤ ራም ያጠረው ኮምፒዩተር ወደ ሃርድ ዲስክ ሲመላለስ የሚያባክነው ጊዜ እጅግ ይበልጣልና።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ያልተስማሙ ራሞች ኮምፒዩተሩን ሁልጊዜ አያቆሙትም፤ አንዲት ቢት በዝምታ ትለወጥና የተመራቂ ተማሪ የጥናት መረጃ ማንም ሳያውቅ ይበላሻል። ስለዚህ ራም ያቀላቀለ ባለሙያ «በራ» ብሎ ከማስረከቡ በፊት፣ በነፃ በሚገኘው ሜምቴስት86፣ መብራት ከፈቀደ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈትሸው ይገባል እንላለን። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ የተጨመረው ራም ይውጣ።